ለከሪማ ድምፅ ቤት ሲፈለግ

ጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። አቅም ያለው ሁሉ ግቢው ጥግ ወይም ፎቁ አናት ላይ ሮቶ ያስቀምጣል፤ ውሃ በመጣ ቀን ይሞላል፣ በጠፋ ቀን ይቀዳል። ሮቶ ደግሞ እንደ ማንኛውም ዕቃ ይቆሽሻል። ከሥሩ ደለል ይተኛል፣ ግድግዳው አረንጓዴ ያወጣል፣ ውሃው መሽተት ይጀምራል። ያን ጊዜ የቤቱ እመቤት አፍንጫዋን ይዛ፣ «ኧረ ከሪማን ጥሩልኝ!» ትላለች።

ከሪማ ሮቶ አጣቢ ናት። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ባጃጅ ደሴን ባጥለቀለቀበት ሰሞን፣ በከተማው ይህን ሥራ እንደ እሷ የሚያውቅ አልነበረም። ሰውነቷ ቀጭን፣ ትከሻዋ ጠባብ ነው፤ ጎረምሳ የማያስገባ የሮቶ አፍ እሷን እንደ ጉርሻ ይውጣታል። ከቀሚሷ ሥር የባሏን አሮጌ ሱሪ ታጠልቃለች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፣ ቡርሿንና ጣሳዋን አስቀድማ ትወረውርና «ቢስሚላህ» ብላ እግሯን ታስገባለች። መጀመሪያ ደለሉን በጣሳ ትዝቃለች፤ ቀጥሎ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ትፈትጋለች፤ በመጨረሻ በጨርቅ ወልውላ፣ ጣቷን ግድግዳው ላይ ስታስኬደው «ሲጥ» ካላለላት አትወጣም።

ውስጥ ሆና ታዜማለች። አንድ ስንኝ ታወጣና ቡርሿን አቁማ ትጠብቃለች፤ ሮቶው ያንኑ ስንኝ ወፈር፣ ለስለስ አድርጎ ይመልስላታል። መንዙማ ላይ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዮቹ እንደሚቀበሉት ማለት ነው። ሮቶው ተቀባይዋ ነበር። ከውጭ የሚሰማት ሰው ያለ አይመስላትም። የቤቱ ሰው ግን ሬዲዮውን ያጠፋል፣ ልጆቹን ዝም ያሰኛል፣ በጫማው እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ በጣቱ እየረገጠ ይሄዳል። ፒያሳ ያለ አንድ ባለ ሆቴልማ ሮቶው ንጹሕ ሆኖ ሳለ «ትንሽ ሸተተኝ» እያለ ያስጠራት ነበር።

ከሮቶው ስትወጣ ግን ድምፅዋ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ሰው ፊት የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ሳታደርግ ሰላምታ እንኳ አትመልስም።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ አንድ ልጇን ቢልቂስን ልትድር የደረሰችው። አማቹ ተውፊቅ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ የሚስቅ፣ ማንም የማይጠላው። በልጁ በኩል አንድም እንከን አልነበረም። ችግሩ ምርቃቱ ነው። በእነ ከሪማ ዘር፣ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ እናቷ በግጥም፣ በዜማ ትመርቃታለች፤ ምርቃቱ ሳይሰማ ሙሽራዋ ደፉን አትሻገርም። የከሪማ እናት ገራዶ ገጠር ላይ ከሪማን ሲድሩ፣ ማሳ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሞፈሩን አስቀምጦ እስኪያዳምጥ ድረስ መርቀዋታል።

ከሪማ ይህን ስታስብ እጇ የሻሿን ጫፍ ይፈልጋል። የባሰው ደግሞ፣ ሽማግሌዎች ጉዳዩን በጨረሱበት ቀን የተውፊቅ እናት መዲና በሳቅ መሀል የወረወረችው ነገር ነው። መዲና አፏ ስለት ነው።

«የደሴ ሰው እኮ ድምፁ ብርድ ገብቶበታል! ምርቃቱ እስኪሰማ ሙሽራችን ደፍ ላይ ታረጅብን ይሆን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሪማም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከሻሿ ጫፍ አላለፈም።

ማታ ቤት ውስጥ ቢልቂስ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እማየ፣ አንቺ ካልመረቅሽኝ ወላሂ ደፉን አልሻገርም። ተውፊቅ እዚያው ደጃፍ ላይ ጎጆ ይቀልስ!»

«አክስትሽ ትመርቅሽ የእኔ ዓለም።»

«አክስቴ እንደ ባጃጅ ጥሩምባ ነው የምትጮኸው!»

ባሏ ሙሄዲን ባጃጅ ነጂ ነው፤ ነገሩ ትንሽ ነካው። «የእኔ ጥሩምባ ምን አደረገ? ይልቅ ሮቶ አምጥቼ ሳሎን ላስቀምጥላት። እሷ ውስጡ ሆና ትመርቅ፣ እንግዳውም በቧንቧው ይስማ።»

ሦስቱም እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ከሳቁ ቀድማ የተመለሰችው ቢልቂስ ናት። «ቆይ ቆይ! ለምን አናስቀዳትም? ቀርጸን በትልቁ ስፒከር እንለቀዋለን። ማንም ፊት መቆም የለባትም!»

ቢልቂስ ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ደግሞ የወንድምአገኘሁ ስቱዲዮ አለ። ወንድምአገኘሁ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ዜማ በደሙ ነው፤ በደሴ ሙዚቀኞች ዘንድ ግን «ወንዴ ኢኮ» ነው የሚባለው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ፕላጊን የሚባሉ፣ ድምፅ የሚያሳምሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች አሉት። ከእነሱም ውስጥ ነፍሱ የሚወድደው ሪቨርብ የሚባለውን፣ ድምፅ የሚያስተጋባውን ዓይነት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሁሉ በፍላሽ ሪቨርብ ያመጣለታል፤ አንዱን ሞክሮ ሌላውን ሲከፍት፣ ሌላውን ትቶ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ይውላል። ለሠርጋቸው ዘፈን ያዘዙት ሙሽሮች ልጅ ወልደው፣ ለልጁ ልደት ሌላ ዘፈን ሊያዝዙ ሲመጡ የሠርጉ ገና አላለቀም ይባልለታል።

ሠርጉ እሑድ ነው። ረቡዕ ዕለት ከሪማ በልጇ እየተገፋች ደረጃውን ወጣች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል፣ በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ወንድምአገኘሁ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት፣ ማይኩን አፏ አጠገብ አመጣው።

«ይበሉ እትዬ ከሪማ፣ እንደ ቤትዎ።»

ከሪማ ዓይኗን ጨፍና የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣች። ድምፁ ከአፏ ወጥቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ እግሯ ሥር ወደቀ። ቆም ብላ ጠበቀች። ማንም አልተቀበላትም። ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቀለችው።

«ያ ረቢ! ይህች የማን አሮጊት ናት?»

«እርስዎ ነዎት እኮ።»

«እኔ እንዲህ ከሆንሁማ ልጄ ሳትዳር ትቅር!»

ወንድምአገኘሁ ሳቀ፤ እጁንም እያፋተገ ወንበሩን ወደ ኮምፒዩተሩ ጎተተ። ይህ ለእሱ የበዓል ቀን ነበር። «አብሽሩ። ይህ ክፍል ደረቅ ነው፤ ካርቶኑ ድምፁን ይውጠዋል። ሰው እኔን ወንዴ ኢኮ ይለኛል እንጂ ኢኮ ሌላ ነው። ኢኮ ገደል ማሚቶ ነው፤ የተናገሩትን ይደግመዋል። ሪቨርብ ግን ለድምፅ ቤት ነው። ድምፅዎ የሚገባበትን ቤት እንመርጥለታለን።»

አንዱን ከፈተ። «ይህ ሰፊ አዳራሽ ነው።»

ከሪማ ስንኟን አለችና አዳመጠች። «ይህ መናኸሪያ ነው ልጄ። ሰው ሁሉ ወደየአገሩ ሄዶ እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስላል።»

«ይህኛውስ? የብረት ሉህ ሲንቀጠቀጥ የሚሰጠው ድምፅ ነው።»

«ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ ነው። ልብስ ላስገባ ብየ ልነሣ ነበር!»

«እሺ ይህ ካቴድራል ይባላል።»

አዳመጠች፤ ፊቷ በራ አለ። «ማሻ አላህ፣ ይህስ ያምራል። ግን ረጅም ነው፤ ሁለተኛውን ስንኝ ልል ስል የመጀመሪያው ገና አልወጣም። ደግሞ እዚያ ገብቼ ሳዜም ቄሱ ቢያገኙኝ ምን እላለሁ?»

«አባቴ እዚያው መሪጌታ ናቸው፤ እኔ እነግርልዎታለሁ!»

ቢልቂስ ሳቋ አላስቆም ብሏት ብርድ ልብሱን ይዛ ቁጢጥ አለች። ወንድምአገኘሁ እንደ ሕፃን ልጅ ፈነደቀ፤ አንዱን ሲዘጋ ሌላውን ይከፍታል። ከሪማም ጨዋታው ገባት። አንዱን «የሐረጎ ቁልቁለት ጉም ሲለብስ» አለችው፣ አንዱን «ምጣድ ክዳን ሥር»፣ አንዱን ደግሞ ጠጋ ብላ በጆሮው፣ «አፉ በለኝና፣ ሽንት ቤት ነው» አለችው። ሦስቱ እየተሳሳቁ ቀኑ መሸ። የተቀዳ ነገር ግን የለም። ከሪማ በየቤቱ ገብታ ትስቃለች እንጂ፣ ከመጀመሪያው ስንኝ አልፋ አታውቅም። ስንኙን ትላለች፣ ትጠብቃለች፣ የሚመጣላት መልስ የእሷ አይደለም።

ወንድምአገኘሁ በመጨረሻ ደክሞት እጁን አጣጠፈ። «እትዬ ከሪማ፣ ግን እርስዎ ሲያዜሙ የት ነው?»

ከሪማ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። «ሮቶ ውስጥ።»

ወንድምአገኘሁ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ዘሎ ተነሣና ጭንቅላቱን ከእንቁላል ካርቶኑ ጋር አጋጨ። «እኮ! እኮ! ታዲያ ምን አድክሞን! አንድ ሪቨርብ አለኝ፤ የእውነተኛ ቤት ድምፅ ቢሰጡት ያንን ቤት የሚሆን። ባዶ ሮቶ ውስጥ ገብተን ፊኛ እናፈነዳለን። ፊኛው ጧ ካለ በኋላ ሮቶው ውስጥ የሚቀረውን ድምፅ ቀድቼ እዚህ አስገባዋለሁ። ከዚያ እርስዎ እዚህ ተቀምጠው፣ በጆሮዎ ሮቶ ውስጥ ነዎት!»

«እዚያው ሮቶው ውስጥ ብታስቀዳትስ?» አለች ቢልቂስ።

«የመንገዱ ጫጫታ ሁሉ አብሮ ይገባል። ደግሞ ኢኮው አንዴ ከተቀዳ ልቀንሰው ብል አልችልም።»

«እኔም ደጅ ሰው እየሰማኝ አላዜምም» አለች ከሪማ። ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው የኖረችው ያንኑ መሆኑን ማንም አልነገራት።

ግን ባዶ ሮቶ ከየት ይምጣ? ውሃ በዚያው ሳምንት ነው የመጣው፤ የደሴ ሮቶ ሁሉ እስከ አፉ ሞልቷል። ለፊኛ ብሎ ውሃውን የሚደፋ ሰው ደሴ ውስጥ ገና አልተወለደም። ባለ ሆቴሉ እንኳ፣ «ለከሪማ ነፍሴን እሰጣለሁ፣ ውሃየን ግን አልሰጥም» አለ።

ቢልቂስ ጣቷን ነከስ አደረገች። «አንድ ባዶ ሮቶ አውቃለሁ። እነ ተውፊቅ ለእኛ የገዙት አዲሱ። በበራቸው አልገባ ብሎ አጥሩን እስኪያፈርሱ ድረስ መንገድ ዳር ቆሟል።»

ከሪማ ደነገጠች። የሙሽራ እናት ከሠርጉ በፊት የአማቾቿን ደጃፍ አትረግጥም። ከረገጠች «ልጇን ለመጣል ቸኮለች» ይባላል፤ ያ ወሬ ለቢልቂስ የልጅ ልጅ ይደርሳል። ግን የምርቃቱ ነገር ደግሞ አለ። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ሲነጋ፣ «መዲና ቤት በማትኖርበት ሰዓት ከሆነ…» አለች።

ሐሙስ ከሪማና ወንድምአገኘሁ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ወንድምአገኘሁ ላፕቶፑን ታቅፏል፤ ኪሱ ለዳሱ ከተገዙት ፊኛዎች በተቆነጠሩ ቀይና ቢጫ ፊኛዎች አብጧል። ሐረጎን ሲወርዱ ትዕግሥት አልቆለት አንዱን ነፍቶ ማሰር ጀመረ። መታጠፊያው ላይ ፊኛው ጧ! አለ።

«ጎማ ፈነዳ!» ብሎ ሰው ሁሉ ጮኸ። ሹፌሩ ገደሉ ጫፍ ላይ አቁሞ ወረደ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ተመለሰ። ከሪማ ሻሿን እስከ ዓይኗ አውርዳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ የምታለቅስ መስሏቸው፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አላህ ያወጣናል» እያሉ እጇን አሹላት።

መዲና ገበያ ሄዳለች። ሮቶው ከአጥሩ ውጭ፣ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ጥቁር፣ አዲስ፣ ገና የፋብሪካ ሽታ የሚሸት። ከሪማ በመዳፏ ዳበስ አደረገችው፤ እንደ ጥሩ ፈረስ ወደደችው። ማይኩን፣ ፊኛውንና መርፌውን ይዛ «ቢስሚላህ» ብላ ገባች። ወንድምአገኘሁ ውጭ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «አሁን!» አላት።

ጧ! «ያ ረቢ!»

«እትዬ ከሪማ፣ የሮቶው ድምፅ ሳይሆን የእርስዎ ጩኸት ነው የተቀዳው!»

«ደነገጥሁ እኮ! ሌላ ስጠኝ።»

ሁለተኛውን አቀበላት። ከሪማ ትንፋሿን ዋጠችና ወጋችው። ጧ አለ፤ ከኋላው የሮቶው ድምፅ ተንከባልሎ፣ ለስልሶ፣ ጠፋ። ወንድምአገኘሁ በደስታ አፉን በእጁ ያዘ። ያን ጊዜ ነው ከጀርባው፣

«አንተ! ምን ልትሆን ነው ሮቶየ ሥር?» የሚል ድምፅ የሰማው።

መዲና ናት፤ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች፣ ከገበያ ቀድማ ተመልሳ። ወንድምአገኘሁ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ መዋሸት አልተማረም።

«እ… ሮቶ… ጥራቱን ነው የምመረምረው።»

«በፊኛ?» አለች፣ ከኪሱ የተንጠለጠሉትን አይታ።

«አዎን። አዲስ የመጣ… በፊኛ የሆነ።»

መዲና ዘንቢሏን አስቀምጣ ሮቶውን በመዳፏ መታችው። «ውስጡ ሰው አለ?»

«የለም! ማን ይገባል፣ አፉ ጠባብ ነው።»

ከሪማ ውስጥ ሆና ጉልበቷን አቅፋ አፏን በሻሿ ጠቅጥቃ ነበር። ግን «በፊኛ የሆነ» ያለው ነገር አልወጣላት አለ። ሳቁ ከሆዷ ተነሣ፣ ደረቷ ደረሰ፣ ሻሿን አልፎ ወጣ። ሮቶው ደግሞ ልማዱ ነው፤ ያችን ትንሽ ሳቅ ተቀብሎ አወፍሮ፣ አንከባልሎ፣ መንገዱ ላይ ለቀቃት። መዲና ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አዑዙ ቢላህ! ጂን!» ከዚያ ጆሮዋን ጣለች። ቀስ ብላ የሮቶውን አፍ ይዛ አጎነበሰች፤ ውስጥ አፏን በሻሽ የጠቀጠቀች ሴት አየች። «…ከሪማ?»

ከውስጥ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» የሚል ድምፅ መጣ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም! ኧረ እንዴት ነሽ? ሱብሃነላህ! ሮቶየ ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?»

ከሪማ ሁሉን ነገር ከዚያው ከሮቶው ውስጥ ነገረቻት፤ ሮቶ ውስጥ ሆና ዓይነ አፋርነት የለባትም። ምርቃቱን፣ ስቱዲዮውን፣ መናኸሪያውን፣ ካቴድራሉን፣ ስለ ብርዱ የተወረወረችውን ቀልድ ሳይቀር። መዲና አፉ ላይ አጎንብሳ እየሰማች ሳቋ አሸነፋትና መሬት ቁጭ አለች።

«ደጃፍሽን ረገጥሁ፣ አፉ በይኝ» አለች ከሪማ በመጨረሻ።

መዲና ዓይኗን ጠርጋ በሩንና ሮቶውን ለካች። «የቱን ደጃፍ? በሩ እዚያ ነው፣ አንቺ እዚህ። ሮቶው ገና ግቢየ አልገባም። እግርሽም መሬቴን አልረገጠም፤ ሮቶ ነው የረገጠው። ወንድሜ፣ አንተ ምስክር ነህ!»

«ምስክር ነኝ እማማ።»

«እንግዲያው መንደሩ ሳያይሽ ውጪና ሂጂ። እኔም አላየሁሽም።»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ወንድምአገኘሁ የፊኛውን ድምፅ ሪቨርቡ ውስጥ አስገባው። ከሪማ ማዳመጫውን አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ የመጀመሪያውን ስንኝ አለች፣ ጠበቀች። ሮቶው መለሰላት። ፊቷ ላይ የወጣውን ፈገግታ ያየ ወንድምአገኘሁ ሌላ ሪቨርብ ልሞክር አላለም፤ ይህ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ምርቃቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ተቀዳ።

እሑድ ሙሽራዋ ደፉ ላይ ቆመች። ዳሱ ከኮምቦልቻና ከደሴ በመጣ ሰው ጢም ብሏል። ከሪማ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ የመጋረጃውን ጨርቅ ጨብጣለች። ሙሄዲን ለወንድምአገኘሁ አውራ ጣቱን አሳየው። ከስፒከሩ ድምፅዋ ወጣ፦

«ዱዓየ ከፊት ነው ሐረጎን ስትወርጂ፣
የእናት ቤት አይዘጋም፣ በሳቅ በሳቅ ሂጂ።»

ስንኙ አልቆ፣ ያ የምታውቀው ድምፅ እየለሰለሰ ሄደ። ከሪማ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ስንኝ አልቆ ፋታ ሲመጣ መቀበል እንጂ ዝም ማለት አታውቅም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሮቶው እንዳደረገላት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና፣ «በሳቅ በሳቅ ሂጂ!» ብላ ተቀበለች። በሕያው ድምፅዋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ስፒከሩ ቀጠለ፦

«ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ውሃ ውሃ ሲልሽ፣
የጦሳን ነፋሱን ጠቅልየ ልላክልሽ።»

«ጠቅልየ ልላክልሽ!» አለች ከሪማ። ሙሄዲን መጋረጃውን ሰብስቦ ያዘው። ከሪማ አላወቀችም፤ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፣ አፏ ተገልጧል፣ እያንዳንዱን ስንኝ ራሷ አውጥታ ራሷ ትቀበላለች። ከሦስተኛው ስንኝ ጀምሮ ዳሱ በሙሉ አብሮ ተቀበለ። ዓይኗን ስትገልጥ ሰዉ ሁሉ እያያት ነበር። አፏን ልትሸፍን እጇን አነሣች፤ ቢልቂስ ቀድማ እጇን ያዘቻት፣ ሳመቻት፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም ደፉን ተሻገረች።

መዲና ከዳሱ መሀል ተነሥታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «የደሴ ሰው ድምፁ ብርድ ገብቶበታል ያለች ማን ናት? አምጧትና እንጠይቃት!»

ኮምቦልቻ የእነ መዲና አጥር እስካሁን አልፈረሰም። ሮቶው መንገድ ዳር እንደቆመ ነው፤ ጠብታ ውሃ አልገባበትም። ሠርጉ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን መዲና ስልክ ደወለች።

«እህቴ ከሪማ፣ ኧረ ነይልኝ፣ ሮቶው ሸተተኝ።»